ከሰሉን አውጡት

የልጅ ልጄ ሐዊ እዚሁ አዳማ ኬሚስትሪ ትማራለች። ባለፈው እሑድ ፓፓያ እየላጠችልኝ ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ። ከጭስ ጋር ወጥቶ አየሩን የሚያሞቀውን ጋዝ መስታወት ዕቃ ውስጥ ያስገቡታል፤ አንድ ዱቄት ጨምረው ብርሃን ያበሩበታል። ዱቄቱ በብርሃኑ ጉልበት ጋዙን ወደ ሌላ ይለውጠዋል፤ ራሱ ግን አያልቅም።

«ከዚያስ ምን ይወጣል?» አልኳት።

«መጨረሻው ነዳጅ ነው፣ አባባ። መጀመሪያ ግን ያ የከሰል ጋዝ ይሆናል፤ ቤት ተዘግቶ ሲነድ ሰው የሚገድለው።»

ፓፓያው እጄ ላይ ቀረ።

ጎረምሳ ሳለሁ ከጓደኛዬ ከገመቹ ጋር ቆቃ ላይ ዓሣ እናጠምድ ነበር። ክረምት ነው፤ አዋሽ አፈሩን እየጠረገ ስለሚገባ ሐይቁ ሻይ በወተት ይመስላል። አንድ ቀን ከሰዓት ያጠመድነውን ቆሮሶ ዓሣ ልንጠብስ ከሰል ስናያይዝ ዶፉ ወረደብን። ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ፍሙ በደንብ ቀልቶ ነው ቤት የሚገባው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኛ ግን ዝናቡ ሊያጠፋብን ነው ብለን ገና ጥቁሩን ወደ ቆርቆሮ ጎጇችን አስገባነው። ነፋሱ ሲያስቸግረን የበሩን ስንጥቅ በጆንያ ወተፍነው። ዓሣው መንጫጫት ሲጀምር ገመቹ አሸለበ። እኔም ራሴ ከበደኝ፤ የዝናቡ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ደግነቱ እናቱ አዴ ጫልቱ ቆሎ ይዘውልን መጡ። በሩን በእግራቸው መትተው ገቡ።

«ያ አላህ! ከሰሉን አውጡት!»

በጩኸታቸው ነቃሁ። ገመቹ ግን አልነቃም። ሁለታችን ጎትተን ዝናቡ ላይ አስተኛነው። «ገመቹ ኮ፣ ገመቹ ኮ» ይላሉ እናቱ በኦሮምኛ፣ የኔ ገመቹ ማለታቸው ነው፤ ውሃው ፊቱ ላይ እየወረደ ዐይኑን አያርገበግብም። አለቀለት አልኩ። ከቆይታ በኋላ አስመለሰው። ዐይኑን ገለጠና እኔን ፈለገኝ።

«ዓሣውን ብቻህን በላኸው?»

አዴ ጫልቱ በጥፊ አሉት፤ ከዚያ እቅፍ አድርገውት አለቀሱ።

ይህ ትዝ ብሎኝ ሐዊን «ስትሠሩ በሩ ክፍት ነው?» አልኳት። ሳቀች። «ጋዝ ካመለጠ የሚጮኽ መሣሪያ አለን፣ አባባ።» የእኛ መሣሪያ አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ማታውን ባቱ ከተማ ወዳለው ገመቹ ደወልኩ። ያ ሊወስደው የነበረ ነገር በልጅ ልጄ እጅ ነዳጅ ሊሆን መሆኑን ነገርኩት። ክፉ ነገር እንኳ ለደግ የሚያውለው ካገኘ ሥራ አያጣም ማለት ነው።

«ነዳጁን ተወውና ዓሣዬን መልስ» አለኝ። ስንስቅ ቆየን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለልጅቷ ግን ንገራት። መሣሪያው ይጩኽ፤ በሩንም ትክፈት።»