ከምርመራው በፊት የተጠጣ ቅጠል

ሶዶ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ሁምቦ የሚያርሰው አባቴ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይዞ መቆም አመጣ። አልጋ ላይ ተኝቶ የተነሣው የልብ ምርመራ ደህና ነው አለ። የሶዶው ሐኪም ግን ውጤቱን አላመነም፤ የልብ ጡንቻው በቂ ደም ማግኘቱ ይለካ ብሎ አዲስ አበባ ላከን።

ነገሩን ለአባቴ በመስኖ አስረዳሁት። "ውሃ በብዛት ሲለቀቅ ጤነኛው ቦይ ይሞላል፤ የተደፈነው ወደ ኋላ ይቀራል። እነሱም መጀመሪያ የልብህን ደም ሥሮች የሚያሰፋ መድኃኒት ይሰጡሃል። ከዚያ በካሜራ የሚታይ ሌላ ይወጉሃል፤ ደም ያነሰው ቦታ ደብዝዞ ይታያል። የቱ እንደተደፈነ ከታወቀ ሊከፍቱት ይችላሉ።"

"ከመርፌው በኋላ አርሳለሁ?"

"መለኪያ ነው፣ አባ። ሕክምናው ገና ነው።"

ከዋዜማው ጀምሮ ቡና ተከለከለ፤ ሥር የሚያሰፋውን መድኃኒት ሥራ ያግዳልና። እኛ ቤት ይህ አላስጨነቀንም። ፍሬው ለገበያ ነው፤ የሚጠጣው ቅጠሉ ነው፣ በሚጥሚጣና በነጭ ሽንኩርት ተፈልቶ።

በምርመራው ጠዋት፣ አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ነርሷ ክንዱን እያሰረች "ቡና ጠጥተዋል አባባ?" አለችው።

"ኧረ በፍጹም! ጌታ ምስክሬ ነው።"

"ጠዋት ምን ቀመሱ?"

"ምንም። ቅጠሌን ብቻ፣ ከቤት በፔርሙስ የመጣውን።"

"የምን ቅጠል?"

"የቡና ነዋ! የአዲስ አበባ ልጅ ቅጠል አታውቂም?"

መሳቅ ጀምራ አቆመች፤ የክፍሉን ሐኪም ጠራችው። መድኃኒቱን የሚያግደው ካፌይን ቅጠሉም ውስጥ አለ። ካሜራው የሚያየው መድኃኒት ደግሞ ለዚያ ቀን የመጣ ነበር፤ ኃይሉ በሰዓታት ስለሚያልቅ ለነገ አይቀመጥም። ወረፋው ረጅም ነበርና ቀጠሯችን ከክረምት በኋላ ሆነ።

አውቶቡስ ላይ "ልቤን ሳያዩት መለሱኝ" አለ።

"ያዘዙልህን ክኒን እየዋጥክ ጠብቅ። እስከዚያ እንዳታርስ።"

"ታዲያ ማን ያርሳል? አንተ በጠመኔህ?"

ክረምቱ ሳይወጣ ጎረቤቶች ማሳው ዳር እንደተቀመጠ ቀዝቅዞ አገኙት። ከቀብሩ በኋላ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። ያችው ነርስ አነሣችው፤ የአባቴን ስም ነገርኳት።

"ቅጠል የጠጡት አባባ? መቼ ይመጣሉ?"

"ተራውን ለሌላ ሰው ስጡት" አልኳት።