ፎቶግራፉ ላይ ያሉት እማማ

የሙዚየሙ ጥበቃ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት እማማ መሞታቸውን የሰማው ሙዚየም የሆነውን የድሮውን የባላባት ቤት የፊት በር ሲከፍት ነው። እሳቸው በዚህ በር ገብተው አያውቁም። በጓሮ ዞረው፣ ጫማቸውን አውልቀው ይገቡና ትልቁን ጠረጴዛ በሻርፓቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ «አቧራ ነው የምታስጎበኙት?» ይሉ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ፊት ይቆሙ ነበር። ከሥሩ፣ ከውሾቹ ስም ጋር፣ «ጌታው፣ እመቤቲቱና አንዲት ያልታወቀች ሠራተኛ» የሚል ተጽፏል።

«ቆሜ እያናገርኩህ ያልታወቀች? የውሾቹን ስም እንኳ ጽፋችሁ የለ!»

«ኃላፊው ማስረጃ ያምጡ ብለዋል፣ እማማ።»

«ፊቴን ይዤ መጥቻለሁ። ሌላ ምን ላምጣ?»

ጥበቃው መርዶውን ለኃላፊው ነገራቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉ ኃላፊው። «ታዲያ አሁን ማስረጃው ከየት ይመጣል?»

ጽሑፉ እስካሁን አልተቀየረም።