ታቦቱ የቆመ ዕለት

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር አራዳ ውስጥ ተረት የሚጀመረው ካውያ ሲራገፍ ነበር። የእናቴ አጎት አያ ተገኘ ልብስ ሰፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲተኩስበት የዋለውን ካውያ ሲመሽ ከፍቶ የቀረውን ፍም ምድጃው ላይ ይገለብጠዋል፤ እኛ የሰፈር ልጆች፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ የተቃጠለ ክር የሚሸት ጭሱን እየማግን ዙሪያውን እንቀመጣለን። ኩራዙን ለስፌት እንጂ ለተረት አያበራም፤ ላምባ ለወሬ አይባክንም ባይ ነው።

ከተረቶቹ ሁሉ የማልወደው የመንገዱን ነበር። ንጉሥ በመንገድ ሲያልፍ «አንተ የኔ ነህ» አለው፤ መንገዱም «አዎ ጌታዬ፣ እስኪያልፉ ድረስ» ብሎ መለሰ። ነጋዴም ከነአህዮቹ መጥቶ እንደዚያው አለ፣ እንደዚያው ተመለሰለት። በመጨረሻ ጅብ መጣ፤ መንገዱ ለሱም ቃሉን አልለወጠም። በቃ፣ ተረቱ ይኸው ነው። ማንም አይበላም፣ ማንም አይታለልም። ምነው ጅቡ ንጉሡን ሳይበላው ቀረ ብዬ ስነዘንዘው አያ ተገኘ ይስቃል እንጂ አይጨምርልኝም።

ቤቱን ለሁለት ከፍሎ አብሮት የሚሠራው አያ ኑሩ የሚባል ሸማኔ ነበር። የአያ ኑሩ እናት እመት ዘይነባ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ሲፈትሉ ይውላሉ፤ ያለፈ ያገደመውን ልጅ ሁሉ በስሙ እየጠሩ ይቆጡ ነበር።

እመት ዘይነባ የሞቱት ታቦት ከጥምቀተ ባሕር በሚመለስበት ቀን ነው። በእስልምና ሬሳ አይቆይም፤ አያ ኑሩም ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቱን ሊቀብር ቸኩሏል። መቃብራቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ መሻገሪያው ደግሞ አንድ ብቻ፣ ከነገሥታቱ ዘመን የቀረ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ። እኔ የአያ ተገኘን ኩታ ይዤ ታቦቱን አጅቤ ወደ ከተማ ስመለስ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ከወዲያኛው ጫፍ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ቆመው አየሁ።

ከኋላችን ያለው ሕዝብ እስከ ሜዳው ድረስ ሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው እየጨፈረ ተሻግሮ እስኪያልቅ ጀንበር መጥለቋ ነው። ከፊት ያሉት ጎረምሶች ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ ታቦት እየመጣ ምን ሬሳ ነው፣ መልሱት አሉ። ታቦት በመጣበት አይመለስም፤ እነዚያም ሬሳ ወደ ቤት አይመልሱም። አያ ኑሩ የቃሬዛውን ጫፍ ትከሻው ላይ እንዳደረገ ፀሐይዋን ያያል። ያኔ ፈራሁ፤ ዱላው ሲወርድበት ታየኝ።

የደብሩን ጥላዎች የሚጠግነው አያ ተገኘ ስለነበር ከካህናቱ መሃል ሲገባ የከለከለው የለም። ታቦቱን የተሸከሙት መምሬ ወርቁ ነበሩ፤ ታቦት የተሸከመ ቄስ ደግሞ ከሰው ጋር አይነጋገርም። አያ ተገኘ ጥላው ሥር ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር ብሏቸው ወጣ። መምሬ ጥቂት ተራመዱና ከድልድዩ አፍ ፈንጠር ብለው ሣሩ ላይ ቆሙ። ካህናቱ ዘመሩ፣ ከበሮው ተመታ፤ መምሬ ንቅንቅ አላሉም።

ታቦቱ ቆመ የሚል ድምፅ ከፊት ወደ ኋላ ተላለፈ። በአገራችን ታቦት እንቢ ብሎ ከቆመ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ይንበረከካል፣ ምን በድለን ይሆን ይላል። ጎረምሶቹም ዱላቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩ። ያኔ አያ ተገኘ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ቀድሞ የደረሰ መንገደኛ አለ፤ እናሳልፈው» አለ።

ቃሬዛው ድልድዩን ተሻግሮ በተንበረከከው ሕዝብ መሃል አለፈ። ለቀስተኞቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። የመጨረሻው ሰው እንዳለፈ መምሬ እግራቸውን አነሱ፤ እልልታው ቀለጠ። የመንገዱ ተረት የገባኝ ያኔ ነው፤ ማንም ሳይበላ ማለቁም ደስ አለኝ።

ሲመሽ ከፍሙ ዳር ሆኜ አያ ተገኘን ጠየቅሁት።

«አያ፣ መምሬን ምን አልካቸው?»

«ምንም አላልሁ። ‹ዘይነባ ናት› አልኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታቦቱ ቆመ።»

መምሬ ወርቁም ለካ የዚያው ሰፈር ልጅ ነበሩ፤ እመት ዘይነባ እሳቸውንም በስማቸው እየጠሩ ሲቆጧቸው ኖረዋል። ከተማው ግን ተአምሩን ለዓመታት አወራው። ተአምር ነው ወይስ የመምሬ ብልሃት ብሎ የሚጠይቀኝ ዛሬም አይታጣም፤ እኔ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም። ሰዎች ይህ ሜዳ የኛ ነው፣ ያ መንገድ የነሱ ነው እያሉ ሲከራከሩ ስሰማ ግን፣ ከማዶ የቆመው ሰው ስሙ ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ አላገኝም።