ለስብራት የተተከለው እንሰት

ሆሳዕና ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ የግራ ቅልጥሜ ሲሰበር፣ ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍስሽ ተርፋለች» ይለኝ ነበር። ስለ ነፍሴ ማን ጠየቃቸው? እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውል ሰው። ብረት ገባልኝ። ቁስሉ ግን መግል ቋጥሮ አልደርቅ አለ። ዶክተሩ ጀርሙ አጥንት ውስጥ ገብቷል አለ። መድኃኒት ቢቀያይርም የሚበገር አልሆነም። «በዚህ ከቀጠለ መቁረጣችን ነው» ብሎኝ ወጣ።

እናቴ ከገጠር፣ ከሀቢቾ መጣች። በእኛ አገር አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተለይቶ የሚተከል የእንሰት ዓይነት አለ። አሚቾው፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ወፍራሙ ክፍል፣ ተቀቅሎ ይበላል፤ ስብራት ይጠግናል ይባላል። የጎረቤቱ ሁሉ በእንሰት በሽታ ጠውልጎ አልቆ፣ በሰፈሩ የቀረው የእናቴ አንድ ብቻ ነበር። ችግኝ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ከአሚቾው ነው፤ ከተበላ አለቀ።

«ተይው፣ ለዘር ይቀመጥ» አልኳት።

«ዘሬስ አንቺ አይደለሽ?» አለችና ሀቢቾ ተመልሳ ነቅላ አመጣችው።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የማስተርስ ጥናቱን ይሠራል። ሲደውል «እሺ ፕሮፌሰር፣ አጥንት መቼ ትልክልኛለህ?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። የሚሠራው ፔፕታይድ በሚባሉ ትናንሽ የፕሮቲን ቁራጮች ነው። ጀርም ይገድላሉ፤ ከዚያም አልፈው ምን እንደሚሆኑ ገና ያልለየላቸውን ስቴም ሴሎች አጥንት ወደ መሥራት ይገፋፋሉ። አንድ ቀን «እህቴ፣ ሴሎቹ በላብራቶሪው ሳህን ላይ አጥንት መሥራት ጀመሩልኝ እኮ!» አለኝ። ደስታው አናደደኝ።

«ለእኔስ ይደርሳል?»

«አይደርስልሽም፤ ገና ከሳህኑ አልወጣም» አለና ማልቀስ ጀመረ። እኔ ግን አላዘንኩለትም። ቀናሁ። ሰው በሳህን ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

እናቴ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። በሀዲይኛ እንደምንም አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና «እሱም እንደ እኔው ነው እንግዲህ፤ የእሱ ገና አልበሰለም» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ቁስሉ አልዘጋ አለ። ጀርሙ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር እግሬን ከጉልበቴ በታች ቆረጡት።

በማግስቱ ከሰዓት እናቴ በምሳ ዕቃ ትኩስ አሚቾ ይዛ ገባች። የመጨረሻው ቁራጭ ነበር። ሳየው ደሜ ፈላ።

«ለየትኛው እግር ነው ደግሞ? ቆረጡት እኮ፣ እማ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በእጇ ዳሰሰችው።

«ከእንግዲህ ሁሉንም የሚሸከመው ይሄ ነው» አለች።

ቆርሳ አጎረሰችኝ። እያለቀስኩ በላሁት።