የኩሽኔታው ትኩሳት በሬዲዮ

ባለፈው ሳምንት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ሞተር ሙቀት አሳየኝ። ሞተሩ ያለው ፓርኩ ውስጥ፣ እኛ ያለነው ቤት። «አየህ አጎቴ፣ ያለ ሽቦ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ይህንን እኔ በደርግ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ማንም ሳያስተምረኝ፣ በሰርዲን ቆርቆሮ።

ያኔ በምሠራበት ፋብሪካ አው ዩሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ የውሃ ፓምፕ ይጠብቁ ነበር። የፓምፑ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ስላረጀ በየጊዜው መዳፋቸውን እያሳረፉ ግለቱን ያያሉ። ሲብስ ካላጠፉት ፓምፑ ይቃጠላል። ቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ቢሆንም በረመዳን ለማፍጠር እንኳ አይሄዱም። ባለቤታቸው አደ ፋጡማ ደግሞ ያለ እሳቸው አንዲት ቴምር አይቀምሱም፤ ሾርባውን ከድነው ይጠብቃሉ። በዚያ ዓመት በጣም ከስተው ነበር።

«ብይ ብላት አትሰማኝም» አሉኝ አው ዩሱፍ። «አንተ ሁሉን አውቃለሁ ትላለህ፤ ለዚህ መላ የለህም?»

«አለኝ» አልኩ። ገና አልነበረኝም።

ከቀፊራ ገበያ የተሰባበረ ሬዲዮ ገዛሁ። ትራንዚስተር ሲሞቅ ጠባዩ እንደሚለወጥ ሬዲዮ ስጠግን ደርሼበታለሁ። አንዱን ኩሽኔታው ላይ አሰርኩት፤ የተቀረውን ወደ ትንሽ ማሰራጫ ለውጬ ሰርዲን ቆርቆሮው ውስጥ ሸጎጥኩ። ምልክቱ በአው ዩሱፍ ቤት ሬዲዮ ቀስ እያለ ጧ፣ ጧ ይላል፤ ግለቱ ሲጨምር ይፈጥናል።

የመጀመሪያው ማታ ለማፍጠሪያው እነሱ ቤት ተቀመጥኩ። ሳምቡሳው ትኩስ ነው፣ ሐብሐቡ ተቆርጧል። አንድ ነገር ግን አላሰብኩበትም፤ ምልክቱን ያስገባሁት ሰፈሩ በሙሉ አዛን ከሚጠብቅበት የሬዲዮ ጣቢያ ሞገድ አጠገብ ነበር።

«የማን ዶሮ ናት ሬዲዮዬ ውስጥ የምትጭረው፣ አቦ?» አለ ከግቢው ሆኖ ጎረቤታቸው፣ የቀበሌ ጥበቃው።

በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ በአየር ላይ ድምፅ መልቀቅ ያሳስራል። አው ዩሱፍ ግን «ፓምፔ ናት፤ ከፈጠነች ጥራኝ» ብለው ወደ ሶላታቸው ተነሡ። አደ ፋጡማም ለሶላቱ ሲሉ የእኛን ሬዲዮ ዝቅ አደረጉት።

ብዙም ሳይቆይ ከጥበቃው ግቢ ጩኸት መጣ፦ «አው ዩሱፍ፣ ዶሮህ አበደች!»

ሮጬ ፓምፑን አጠፋሁ። ኩሽኔታው እጅ አያስነካም፤ ግን ተርፏል።

ስመለስ ጥበቃው በሩ ላይ ቆሟል። ሊወስደኝ መሰለኝ። «ነገ ትንሽ ወዲያ አድርጋት፤ ዜናዬን ሸፈነችብኝ» አለና ተቀምጦ ሳምቡሳ አነሳ። አደ ፋጡማ ለባላቸው ሾርባ ቀድተው፣ ለራሳቸውም ደግመው፣ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ብላ፤ ወሬህ አያልቅም።»

አው ዩሱፍና አደ ፋጡማ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሆኖም በረመዳን የማታው አዛን ሲሰማ የያዝኩትን ብየዳ አስቀምጣለሁ። በየግቢው ከሥራ ለሚገባ ሰው በር ሲከፈት እሰማለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከእነዚያ በሮች ግማሹን እኔ የከፈትኩት ይመስለኛል።