ሰዒዳና እሳት ያልነካው ምግብ

እሑድ ማለዳ ሰዒዳ ከሰል አቀጣጠለች። ምን እንደምትጥድበት ገና አላወቀችም። ምግብ ሊሠራ ነው ከተባለ እሳት ይቀድማል፤ እሷ የምታውቀው ይኼን ነው። ከሰሉ ፍም ሲሆን ወደ ጠረጴዛው ዞረችና እዚያ ያለውን አየች። ሦስት እሽግ ብስኩት፣ አንድ ሳህን ለጋ ቅቤ፣ በንጹሕ ሻሽ ተቋጥሮ ሲንጠፈጠፍ ያደረ አይብ፣ በጠርሙስ ክሬም፣ ስኳር፣ አራት ማንጎ። ከጎናቸው ረጃጅም የጭማቂ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እነዚህ ሁሉ በምን ዝምድና አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደተገናኙ ሊገባት አልቻለም።

ያገናኘቻቸው ዊዳድ ናት፣ የወንድሟ የጀላል ልጅ። ደሴ ፒያሳ ካለ ጭማቂና ኬክ ቤት ትሠራለች፤ ይኼንንም ነገር የለመደችው እዚያው ነው። ለዛሬ እንግዶች እሱ ይቅረብልኝ አለች። እሷ ግን እስከ ቀትር ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ሰዒዳ በስልክ እየተነገራት ልትሠራው ሆነ።

ስልኩ ጮኸ።

"አክስቴ፣ ብስኩቱን ወቀጥሽው?"

"ወቀጥኩት። ደህናውን ብስኩት ዱቄት አደረግሁት። ወላሂ ያሳዝናል።"

"አይዞሽ። አሁን በቅቤ ለውሽው።"

"እንደ ጭኮ?"

"አዎ፣ ልክ እንደ ጭኮ። ግን በለጋው! የወጡን ቅቤ እንዳትነኪው፣ ኮሰረት ኮሰረት ይላል።"

ሰዒዳ እጇን ከቅመም ቅቤው ማሰሮ ቀስ ብላ አወጣች። ልጂቱ በስልክ ውስጥ ታያት ይሆን እንዴ ብላ ስልኩን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ለጋው ደርቋል። ላንጥረው?"

"አይነጠርም። ፀሐይ ላይ አኑሪው፣ ራሱ ይለሰልሳል።"

አኖረችው፤ ለሰለሰ። ለወሰችውና በየብርጭቆው ሥር በማንኪያ ጠቀጠቀችው። ቀጥሎ አይቡ ነው። አይቡን ትናንት ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር በግፊያው መሐል ገብታ፣ ከሦስት ሻጭ ቀምሳ የመረጠችው ራሷ ናት። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ገብቷት ነበር። አሁን ግን ዊዳድ በወንፊት አሳልፊው፣ ከክሬሙ ጋር ምቺው፣ ስኳር ጨምሪበት አለቻት።

"አይብ በስኳር?"

"አዎ።"

"ዊዳድ፣ የሰው ልጅ አይብ የሚበላው በጎመን ነው።"

"አክስቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሥሪው ብቻ።"

መታችው። አይቡ እንደ ሐር ለሰለሰ። በጣቷ ቀመሰች። ጣፈጣት ወይስ አልጣፈጣትም? ይኼንንም መለየት አቃታት። ሁለተኛ ቀመሰች፣ ሦስተኛ ቀመሰች፣ ያልቃል ብላ ተወችው። በብስኩቱ ላይ አነባበረችው፤ ከላይ ማንጎውን ከትፋ ደለደለችበት። ቡኒ፣ ነጭ፣ ቢጫ ሆኖ ተደራርቦ ሲታይ ያምራል። እሱስ እሺ።

"ጨረስኩ። አሁን መቼ ነው የሚበስለው?"

"አይበስልም። እትዬ የምሥራች ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ራሱ ይረጋል።"

"ራሱ?"

"ራሱ።"

ከሰሉ ብቻውን ነድዶ ዐመድ ለብሷል። ሰዒዳ አንዴ ብርጭቆዎቹን አንዴ ከሰሉን እያየች፣ አንድ ነገር የዘለለች መስሏት ልቧ አልረጋም። ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ጎረቤቷ የምሥራች ቤት ወሰደቻቸው።

ዛሬ የሚመጡት እንግዶች ሽማግሌዎች ናቸው። ኮምቦልቻ የመኪና ባትሪ የሚጠግን ሀፊዝ የሚባል ልጅ ዊዳድን ወድዶ፣ እሷም ወድዳው፣ ሽማግሌ ሲልክ ይኼ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ጊዜ ጀላል "እንመክርበታለን" ብሎ መልሷቸዋል። ከማን ጋር እንደሚመክር አላህ ይወቀው፤ ቤቱ ውስጥ ከዊዳድ ሌላ ያለችው ሰዒዳ ብቻ ናት፣ እሷን አንድም ቀን አላማከራትም። ልጁን ጠልቶት አይደለም፤ "ጨዋ ልጅ ነው" ይላል በራሱ አፍ። ዊዳድ ከወጣች በኋላ ቤቱ ምን እንደሚመስል ማሰቡን ነው የማይወደው። ስለዚህ ቀን ይገፋል።

ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳይባል የልጅቱን ቤት እህል አይቀምስም። ውሃ ቢሰጡት ይጠጣል፣ ምግብ ግን አይነካም። አባትም ቢሆን ሽማግሌ አብልቶ ባዶ እጁን ከሸኘ በሰፈሩ ስም አይኖረውም። እንዲህ ሆኖ ሁለቱንም ጊዜ ሰዒዳ የሠራችው ወጥ ሳይነካ አደረ።

ትናንት ማታ ዊዳድ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ፣ "አክስቴ፣ ነገም ከመለሳቸው ዳግም አይመጡም። ሽማግሌው ሸህ ሙዓዊያ ለሀፊዝ ቁርጡን ነግረውታል" ብላት ነበር። ሰዒዳ የልጅቱን ፀጉር ዳበሰች። ምን ትላለች? ወንዶች ባሉበት ተናግራ አታውቅም። ድግስ ቤት ሽንኩርት የምትልጠው ከኋላ ተቀምጣ ነው፤ ስሟን ሲጠሯት አፏን በሻሿ ሸፍና "አቤት" ትላለች፣ በቃ።

ቀን ሲገፋ የሚሆነውን ግን ታውቀዋለች። ሃያ ዓመት ሲሆናት ለእሷም ከደጋን ከተማ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። አባቷ "አዝመራ ይግባና" አሉ። አዝመራ ገባ። "ኢድ ይለፍና" አሉ። ኢድ አለፈ። ከዚያ ወዲያ የመጣ የለም፤ ልጁን ሌላ ዘንድ ዳሩት። ማንም እንቢ አላላትም፣ ማንም እሺ አላላትም። ኋላ የጀላል ሚስት ሞተች፤ የአራት ዓመቷን ዊዳድን የሚይዝለት አጣና "ለጥቂት ወር ነይልኝ" ብሎ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቱ አመጣት። እነሆ ሃያ አንድ ዓመት ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ከዙሁር ሶላት በኋላ ደረሱ። ሸህ ሙዓዊያ ፊት፣ አቶ ወንድምአገኘሁ ከኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስሙን እንኳ የማይናገር ዝምተኛ ሰው። ዊዳድም በጓሮ በር ገብታ ጓዳ ተደበቀች። ሰዒዳ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ታዳምጣለች።

"ጀላል፣" አሉ ሸህ ሙዓዊያ፣ "ከኮምቦልቻ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣነው። አራተኛ አንወጣውም።"

"አውቃለሁ ሸሁ፣ አውቃለሁ። ብቻ ትንሽ እንመክርበትና..."

ይኼኔ የጓሮው በር ተንኳኳ። የምሥራች ናት፤ ትሪውን ተሸክማ ታለከልካለች።

"ሰዒዳ፣ መብራት ከሄደ ቆየ እኮ! ይኼ ነገርሽ መልፈስፈስ ጀምሯል። ቶሎ አቅርቢው!"

"አሁን አይቀርብም። እሺ ሳይባል..."

"እኔ እንጃ፣ ከፈሰሰ ግን ሾርባ ነው" አለችና ትሪውን አስታቅፋት ሄደች።

ሰዒዳ ትሪውን ይዛ መሐል ቤት ተገተረች። ዊዳድ በጓዳው ቀዳዳ በእጇ ምልክት ታሳያታለች፤ ቆይ ትሁን ሂጂ አይታወቅም። የላዩ ማንጎ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ታያት። ወንድሜን ብጠይቅ ይሻላል ብላ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ጀላል አያትና ዓይኑን አፈጠጠ። መልሺው ማለቱ ይሁን አምጪው ማለቱ አልለይላት አለ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ዓይን "አምጪ" እንጅ ሌላ ብሏት አያውቅም። ገባች።

"ማሻአላህ!" አሉ ሸህ ሙዓዊያ። "ይኼማ ስፕሪስ ነው። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፣ አላህ ይስጥሽ።" የተደራረበ ጭማቂ መስሏቸዋል፤ ጭማቂ ደግሞ ከውሃ ይቆጠራል። ቢስሚላህ ብለው አንዱን አነሡ። አቶ ወንድምአገኘሁ አማትበው አነሡ። ዝምተኛውም አነሣ። ጀላል አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንግዳ የያዘውን ብርጭቆ ከእጁ አይነጠቅ ነገር።

ሸሁ ሦስት ማንኪያ አከታተሉ። "ስፕሪሱስ ጠንከር ብሏል" አሉ፣ አራተኛውን እያነሡ።

ወዲያው አቶ ወንድምአገኘሁ ማኘካቸውን አቆሙ።

"ሸሁ፣ ከሥሩ የሚኮረሸም ነገር አለ።"

"ምን?"

"ብስኩት መሰለኝ።"

ሸሁ ማንኪያቸውን ከአፋቸው ቀስ ብለው አወጡ።

"በልተናል እንዴ?"

"እርስዎማ አጋምሰውታል።"

"አንተስ?"

"እኔ እርስዎን ተከትዬ ነው።"

ጀላል ብድግ አለ። "የለም፣ የለም! ምን በላችሁ? ምንም አልበላችሁም! ጠዋት ስትሠራው አይቻለሁ፣ አንዲት ድስት አልጣደችም። እሳት ያልነካው ነገር ምን ምግብ ነው?"

"ብስኩትሳ?" አሉ አቶ ወንድምአገኘሁ።

"ብስኩት የልጅ ማታለያ ነው እንጅ ምግብ ነው?"

"እንግዲያ ሸሁን አታለልካቸዋ!"

"ኧረ በአላህ፣ እኔ እኮ አላቀረብኩም!"

"ቤቱ የማን ነው? የኔ ነው?"

ሸህ ሙዓዊያ እጃቸውን አነሡ። "ተዉ። ባለሙያዋ ቆማ እኛ ምን ያነታርከናል?" ወደ ሰዒዳ ዞሩ። "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪን። በስህተት ከሆነ ስህተት ነው፣ አፋችንን ተጉመጥምጠን እንሄዳለን። እህል ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም?"

የሁሉም ዓይን እሷ ላይ አረፈ። ሰዒዳ አፏን በሻሿ ልትሸፍን ስትል እጇ ትሪ ይዟል። ጀላል ያያታል፤ አልገባበትም በይ፣ ይላል ዓይኑ፣ የአሁኑስ ግልጽ ነው። አልገባበትም ካለች ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው ይሄዳሉ፣ አይመለሱምም። ገብቶበታል ካለች ወንድሟን በሰው ፊት አሳፈረችው፤ ሃያ አንድ ዓመት ያኖራትን ወንድሟን። ግን ደግሞ የተጠየቀችው ስለ ዊዳድ ነው ወይስ ስለ ብስኩቱ? ስለ ብስኩቱ ነው። እሱንስ ታውቀዋለች፤ በገዛ እጇ ወቅጣዋለች። እሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ቆጥራ ሳይገባት ብትተወውም፣ የስንዴ ዛላ ሥዕል እንዳለበት አይታለች።

"ስንዴ አለበት" አለች።

ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም።

"እሳትስ?" አለ ጀላል፣ ልመና በሚመስል ድምፅ። "እሳት አልነካውም በያ!"

"እኔ ጋ አልነካውም" አለች ሰዒዳ። እውነቱን ከጀመረች ወዲያ እንዴት እንደሚቆም አላወቀችም። "ብስኩቱን ግን ፋብሪካው ሳይጋግረው አይቀርም። አይቡም ቢሆን አሬራው ሞቆ ነው አይብ የሚሆነው። እኔ ጋ ነው እንጅ እሳት ያላየው፣ ሌላ ጋ አይቷል። ከሰልም አቀጣጥዬ ነበር። ለምን እንዳቀጣጠልኩት እንጃ።"

አቶ ወንድምአገኘሁ ሳቃቸውን በሳል ሸሸጉ። ሸህ ሙዓዊያ አልሳቁም።

"ሰማህ ጀላል? የቤትህን እህል በልተናል። ሳናውቅ ነው፤ አፉ በለን። አብልተህ ትመልሰን እንደሆነም ያው ደጃፉ፣ አንጣላህም። ወሬውን ግን እኛ ባናወራው ሰው ያወራዋል።"

ጀላል ተቀመጠ። ትሪውን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ጓዳውን የሚከልለውን በር አየ። ከበሩ ኋላ ትንፋሽ የለም። በመጨረሻ መዳፎቹን ወደ ላይ ዘረጋ።

"ዱዓ አድርጉላት" አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። "ልጄን አላህ ይባርካት። እሺ ብያለሁ።"

ሸሁ ፋቲሓ አነበቡ። አቶ ወንድምአገኘሁ አሜን አሉ። ዝምተኛው ሰው ብርጭቆውን ጨርሶ ኖሮ፣ አሜን ካለ በኋላ ሁለተኛ አነሣ። ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፤ ወዲያው የዊዳድ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ።

ሰዒዳ በጓሮ ወጣች። የምሥራች በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

"ምን ተባለ?"

"እሺ ተባለ።"

"እልል! እንዴት?"

"እንጃ። ስንዴ አለበት አልኩ፣ ከዚያ እሺ አለ።"

የምሥራች ነገሩ ሳይገባት እልልታዋን አቀለጠችው። ሰዒዳም አልገባትም። የምታውቀውን ነው የተናገረችው፤ ሆኖም ስትናገር ልቧ አንድ ነገር ፈልጎ እንደነበር ይሰማታል። ምን እንደሆነ ልትይዘው ስትል ያመልጣታል።

ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ጀላል ወደ ጓሮ መጣ። ሰዒዳ ከተቀመጠችበት ልትነሣ ስትል "ተቀመጪ" አላትና እሱም አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከዚህ በፊት አጠገቧ ተቀምጦ አያውቅም።

"ሰዒዳ።"

"አቤት።"

"አውቀሽ ነው?"

ሰዒዳ አሰበች። አላወቅሁም ልትል ፈለገች፣ ውሸት መሰላት። አውቄ ነው ልትል ፈለገች፣ እሱም ውሸት መሰላት።

"እንጃ ወንድሜ" አለች። "እኔም ከቅድም ጀምሮ እሱን ነው የማስበው።"

ጀላል ፊቷን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ተቆጥቶ ይሁን ስቆ፣ ሰዒዳ ልታውቀው አልቻለችም።

"ለእኔስ አስተርፈሻል?" አለ።

አንድ ብርጭቆ ተርፎ ነበር። አመጣችለት። ማንጎው ተንሸራቶ፣ አይቡ ለቅቆ፣ መልኩ ሁሉ ተደበላልቋል። ጀላል አንድም ቃል ሳይናገር በማንኪያ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ሰዒዳ ይቆጣ ይሆን ይጣፍጠው ይሆን እያለች አፉን ታያለች። ከቤት ውስጥ ዊዳድ "አክስቴ! አክስቴ የት አለሽ?" እያለች ትጣራለች።

"ሂጂላት" አለ ጀላል፣ አፉ እንደሞላ። "አንቺን ነው የምትጠራው።"