ቁራጭ የሌለበት ብርድ ልብስ

ጆሃንስበርግ በገባን በሁለተኛው ዓመት ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነበር። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። እኔ አገሬ እያለሁ አሥራ አንድ ዓመት የሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ግን የምዝገባ ወረቀቴ ካልወጣ በሽተኛ መንካት አልችልም። በየሳምንቱ እደውላለሁ። «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። ስልኩን ዘግቼ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን እመላለሳለሁ። ወለሉ እንጨት ነው። ቤት ውስጥ ሆኜ ጫማዬን አላወልቅም ነበር፤ ምናልባት «ነይ» ቢሉኝ ወዲያው ለመውጣት ይሆናል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በታች ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩት ጎረቤታችን ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ምርኩዝ የማይለያቸው ጡረተኛ አስተማሪ። ሕንፃው ውስጥ ሁሉም «ታኒ» ነው የሚላቸው፤ በአፍሪካንስ አክስት እንደማለት ነው።

«ቀኑን ሙሉ ጣሪያዬ ላይ የምትሄጂው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቋረጡኝ። «ይቅርታውን ተይውና ነይ ውረጂ። እግርሽ አላርፍ ካለ ለእጅሽ ሥራ እንስጠው።»

ቤታቸው ስገባ የምግብ ጠረጴዛው አይታይም። በሦስት ማዕዘንና በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ ጨርቅ ተከምሮበታል። ታኒ የአንድ የስፌት ማኅበር አባል ናቸው። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ቁርጥራጩን ያያይዙና መሃሉ ጥጥ አስገብተው፣ ከሥሩ ገበር አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች በእጅ እየሰፉ ብርድ ልብስ ያወጣሉ። ጥቂቱ ለኤግዚቢሽን ይቀራል። የሚበዛው ሆስፒታል ለተኙ ልጆች፣ ከቤታቸው ሸሽተው ለተጠለሉ ሴቶች፣ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ይሄዳል። የተሰጠው ሰው ይዞት ይቀራል፤ አይመለስም።

የነርስነት ወረቀቴን እየጠበቅኩ መሆኔን ስነግራቸው ታኒ መርፌ ሰጡኝ። «ለዚህኛው መርፌ ፈቃድ አያስፈልግም» አሉ።

የሰፋሁትን ሲያዩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስፌትሽ ረጅም ነው። የልጅ የእግር ጣት ይገባበታል። ፍቺው።»

ፈታሁት። ደግሜ ሰፋሁ፤ ደግመው አስፈቱኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ፤ ማኅበሩ ውስጥ ቆማ የምትሰፋ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መስኮቱ አጠገብ ክብደቴን ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው እያዛወርኩ። ሴቶቹ ይስቁብኛል፤ ወንበር ግን ሁልጊዜ ይተዉልኛል።

ባለቤቴ አንድ ማታ ሶፋው ላይ የተውኩትን ሥራ አንስቶ አየና «ነርሷ ድሪቶ መደረት ጀመረች?» አለኝ። አብረን ሳቅን። ድሪቶ እኛ ዘንድ የቸገረው ሰው የሚለብሰው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል እንጂ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ይህን ለታኒ አልነገርኳቸውም።

ከሁለት ወር በኋላ ዘጠኝ ብርድ ልብስ በታኒ አሮጌ መኪና ጭነን ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድን። የልጆቹ ክፍል ስገባ ሰውነቴ ሁሉ ነቃ። አንድ አልጋ ላይ ግሉኮስ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ እጄ ሳላስበው ወደዚያ ሲዘረጋ መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

የክፍሉ ነርስ አይታኝ ነው መሰለኝ መጥታ ከየት አገር እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያው እርጂኝ» አለች። «መስኮቱ ጋ ያለችው እናት የአገርሽ ሰው ናት። የምንላትን ሁሉ እሺ ትላለች፤ የገባት ግን አይመስለኝም።»

አልጋው ላይ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፤ ክንዷን የፈላ ውኃ ልጧታል። እናትየዋ ከሆሳዕና ገጠር የመጣች ናት፤ ቴምቢሳ በሚባል ሰፈር ከባሏ ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ እሱ ሱቁን ትቶ መምጣት አልቻለም። አማርኛ ለእሷ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ቀስ ብዬ ፋሻው ለምን በየሁለት ቀኑ እንደሚቀየር ነገርኳት። «ጌታ ይባርክሽ እህቴ፤ እኔ እኮ ክንዷን ሊቆርጡ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

በዚህ መሃል ታኒ የራሳቸውን ሥራ ልጅቷ ላይ ዘረጉላት። ሰማያዊና ቢጫ ሦስት ማዕዘን የተደረደረበት፣ ሦስት ወር የፈጀባቸው። እናትየዋ ጫፉን አነሳች፤ ገለበጠችው፤ አጥፋ እግርጌ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ስጦታ ነው። ለልጅሽ።»

«ድሪቶ?» አለች። «እኛ ሱቅ አለን እኮ። ልጄን አዲስ ብርድ ልብስ አልብሼ ነው ያመጣኋት። ለማኝ መስለናቸው ነው?»

«ምን አለች?» አሉ ታኒ።

«በጣም ቆንጆ ነው አለች።»

ታኒ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ። ልጅ ሲዋሽ አውቃለሁ። ምን አለች?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀላ። ብርድ ልብሱን አንስተው ቀጥሎ ባለው አልጋ ለተኛች ሕፃን አለበሷት፤ ከዚያ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ወጡ።

መኪናው ውስጥ ገብተን አውራ ጎዳናው ላይ ወጣን። የጥፍሬን ዳር እየላጥኩ ነበር። እናትየዋን ተቆጥቻት ነበር፤ ትክክል ናት ብዬም አስብ ነበር። ታኒንም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በራሴ ነው፤ አስቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

«ታዲያ እናትየዋ ምን ዓይነት ነው የምትወደው?» አሉ ታኒ በድንገት።

«ቁራጭ የሌለበት። ከአንድ ወጥ ጨርቅ የሆነ።»

ሳቁ። «ከሁሉም የሚከብደውን መረጠች! ወጥ ጨርቅ ከሆነ ዓይን ሌላ የሚያርፍበት የለውም፤ ስፌቱ ብቻ ነው የሚታየው።» መሪው ላይ ያበጡ ጣቶቻቸውን ዘርጋ አደረጉ። «እኔ አልችለውም። የምትሰፊው አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ሁለት ሳምንት ትቆያለች ብለውን ነበር። ታኒ የማር ቀለም ያለው ጨርቅ አወጡና ቅጠልና ሐረግ በጠመኔ ሣሉበት። ቤት ሰፋሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሰፋሁ፤ ወረቀቴን ልጠይቅ ሄጄ ወረፋ ላይ ቆሜ ሰፋሁ። ማክሰኞ አዳራሹ ስወስደው የማኅበሩ ሊቀ መንበር መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት። እሳቸውም ጡረታ የወጡ የሶዌቶ ነርስ ናቸው። አንድ ሐረግ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?»

አየሁት። ስፌቱ ተራርቆ፣ ክሩ ጨርቁን ጨምድዶታል። «ስለ ወረቀቴ ስልክ ደውዬ ነበር» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ታኒ ይፈታ አሉ፤ ሊቀ መንበሯ ይተው አሉ። ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ መስፋቴን ቀጠልኩ፤ ለመፍታት ጊዜ አልነበረኝም።

እንዲያም ሆኖ አልደረስኩም። ዳሩን ጨርሼ ወደ ሆስፒታሉ ስደውል ልጅቷ በዋዜማው ወጥታለች። አንድ ቀን ማደር አቃተኝና ሱቃቸው የት እንደሆነ ከነርሷ ጠይቄ፣ ታኒን አስነስቼ ወደ ቴምቢሳ አስነዳኋቸው።

ሱቁ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ዳቦና የስልክ ካርድ የሚሸጠው በትንሽ ቀዳዳ ነው። እናትየዋ ከፍርግርጉ ወዲያ ሆና ስታየን ደነገጠች። ተሰልፈው የነበሩትን ደንበኞች በዙሉ «ሊንዳ፣ ሊንዳ» አለቻቸው፤ ቆዩ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ መታገሥ የት አውቅና! ሰላምታ ሳልጨርስ ብርድ ልብሱን በቀዳዳው ገፋሁት። ግማሹ ገባ፤ ግማሹ ወደ ውጭ ቀረ። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እምቢ አለ። ዳቦ ልትገዛ የቆመች ሴት በመዳፏ ከኋላ ትገፋ ጀመር፤ እናትየዋ ከውስጥ ትጎትታለች፤ ታኒ «ስፌቱ! ስፌቱ!» እያሉ ይጮኻሉ። በመጨረሻ እናትየዋ እየሳቀች የብረት በሩን ከፈተችልን።

የዱቄት ከረጢቶቹ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳሰሰችው። ቁራጭ ፈለገች፤ አላገኘችም። ያ ሐረግ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «እዚህ ጋ ቸኩለሻል።»

«አዎ» አልኩ።

«ለእናት ንገሪያቸው» አለች፤ ታኒን ማለቷ ነው። «ያን ቀን እንቅልፍ ካየሁ ሦስት ሌሊት ሆኖኝ ነበር። ንግግሬ መጥፎ ነበር።»

በዚህ ጊዜ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ታኒ ሰምተው «እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር በያት» አሉ፤ ያንንም እንዳለ አደረስኩ።

ልጅቷ ከጓዳ መጣች። ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። ብርድ ልብሱን አየችና ከንፈሯን ጣለች። «ሦስት ማዕዘን ያለበቱስ? እኔ ያንን ነበር የምፈልገው!» አለች በእንግሊዝኛ። ታኒ ተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ከረጢት ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ልንሄድ ስንል እናትየዋ ቀዝቃዛ መጠጥ እጃችን ላይ አድርጋ በሩ ጋ ያዘችኝ። ልጅቷ ሐሙስ ጠዋት ለክንዷ ቀጠሮ አላት። «ሐኪሙ ሲናገር ይፈጥንብኛል። አንቺ ብትኖሪ…»

ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረስኳትም። «በስንት ሰዓት?» አልኩ።

«በሁለት።»

ሐሙስ ዕለት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።